ከብራውንስተን የአንድ ሳምንት የናሮውቦት ጉዞ፦ ዋሻ ያለበት መንገድ ይሻላል ወይስ የሌለበት?

ጉዞ_ወዳድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው ሰኔ መጨረሻ እንግሊዝ ካለው ብራውንስተን 60 ጫማ ርዝመት ያለው ናሮውቦት (ጠባብና ረጅም የካናል ጀልባ) ለአንድ ሳምንት ተከራይተናል። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት (በእንግሊዝ አቆጣጠር 3) እንረከባለን፤ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እንመልሳለን። ስድስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሜ፣ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች፣ እናቴ። መሪ መያዝና ሎክ (ጀልባውን በውሃ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ባለ በር ክፍል) መክፈት የምንችለው ሦስታችን ብቻ ነን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ጨለማና የታፈነ ቦታ ደግሞ አትወድም።

ካርታ ዘርግተን ሦስት መንገድ አየን። አንደኛው በግራንድ ዩኒየን ካናል እስከ ስቶክ ብሩርን ነው፤ የብራውንስተንና የብሊስዎርዝ ዋሻዎች አሉበት። ሁለተኛው ኖርተን መገንጠያ ላይ ታጥፎ በሌስተር መስመር እስከ ፎክስተን ነው፤ እዚያ ከብራውንስተን ሌላ የክሪክና የሐዝባንድስ ቦስዎርዝ ዋሻዎች ይጨመራሉ። ሦስተኛው በኦክስፎርድ ካናል ወደ ደቡብ እስከ ፌኒ ኮምፕተን ነው፤ ዋሻ የለውም፣ ግን ናፕተን ላይ ዘጠኝ ሎክ አለ።

የምጠይቃችሁ፦ ሳንጣደፍ የትኛው ይደረሳል? ዋሻ ውስጥ ከፊት ሌላ ጀልባ ከመጣ እንዴት ይተላለፋሉ? ሞተር መሀል ላይ ቢጠፋስ? ልጆቹና እናቴ የት ይቀመጡ? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ሎክ_ቆጣሪ

ሰላም እህቴ። መንገድ የሚመረጠው በሰዓት ስለሆነ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። በካናል ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል ነው። ዳር ላይ የታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ሁሉ ቀስ ማለት ግዴታ ስለሆነ በተግባር 3 ማይል ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። ካናል የለመዱ ሰዎች እንዲህ ያሰላሉ፦ ማይሉንና የሎኩን ቁጥር ደምረሽ ለ3 ታካፍያለሽ፤ የሚወጣው ሰዓት ነው። አንድ ሎክ 20 ደቂቃ ተቆጠረ ማለት ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሎኮች 30 ደቂቃ አስቢላቸው።

ከእሑድ እስከ ዓርብ ስድስት ሙሉ ቀን አላችሁ። ልጆችና አዛውንት ይዞ በቀን 5 ሰዓት መንዳት በቂ ነው፤ በጠቅላላው 30 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚህ ላይ ለዝናብ፣ ለወረፋና ለውሃ መቅዳት ቢያንስ 5 ሰዓት ቀንሺ። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ከ25 ሰዓት የማያልፍ መንገድ ፈልጊ።

ስቶክ ብሩርን ወደ 21 ማይልና 13 ሎክ ነው (ብራውንስተን 6፣ ባክቢ 7)፤ መሄጃው 11 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ደርሶ መልሱ 23። ይበቃችኋል። የፎክስተን ደረጃ አናት ድረስ ወደ 27 ማይልና 13 ሎክ ነው (ብራውንስተን 6፣ ዋትፎርድ 7)፤ ደርሶ መልሱ 27 ሰዓት ይሆናል። የፎክስተንን 10 ሎክ ወርዳችሁ ማርኬት ሐርቦሮ እንግባ ካላችሁ ብዙ ሰዓት ይጨመራል፤ አይመከርም። ፌኒ ኮምፕተን ወደ 17 ማይልና 9 ሎክ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 18 ሰዓት አይሞላም።

የሌስተርን መስመር ከመረጣችሁ ሁለት ነገር እወቁ። ዋትፎርድም ፎክስተንም የሎክ ጠባቂ አላቸው፤ ጀልባውን ዳር አስራችሁ በእግር ሄዳችሁ ሳትመዘገቡ አትገቡም። ሎኮቹ ደረጃ ስለሆኑ የአንዱ የላይ በር ለቀጣዩ የታች በር ነው፤ ውሃው በጎን ባሉ ኩሬዎች በኩል ያልፋል። ቀይ የተቀባው ፓድል (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ) ከኩሬው ወደ ታችኛው ሎክ ውሃ ያስገባል፤ ነጩ የላይኛውን ሎክ ወደ ኩሬው ያራግፋል። ሁልጊዜ ቀዩ ይቀድማል። ነጩ ከቀደመ ኩሬው ሞልቶ ዙሪያውን ያጥለቀልቃል። ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። በዋትፎርድና በፎክስተን መሀል ያለው ከፍ ያለ የካናል ክፍል በማጠራቀሚያ ግድብ ስለሚሞላ በደረቅ በጋ ሎኮቹ የሚከፈቱበት ሰዓት ያጥራል፣ ሲብስም ይዘጋሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ካናሎቹን የሚያስተዳድረውን የካናል ኤንድ ሪቨር ትረስትን የመዘጋት ማስታወቂያ ተመልከቱ፤ በጉዞ ላይም ጠዋት ጠዋት እዩት።

አንድ የምትሳሳቱበት ነገር ደግሞ አለ። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ብትረከቡም ማብራሪያው፣ ዕቃ መጫኑና የሙከራ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። በዚያ ሰዓት ስድስቱን የብራውንስተን ሎክ ወጥታችሁ ወዲያው ከአናቱ ያለው ዋሻ ውስጥ መግባት ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ከሎኮቹ በታች እደሩ፤ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀምሩ። የብራውንስተንም የባክቢም ሎኮች ሰፊ ናቸው፤ ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ይገባል። ሌላ ጀልባ ጠብቃችሁ አብራችሁ ውጡ፤ ጉልበትም ውሃም ይቆጥባል።

መሪ_ያዥ

ስለ ዋሻው እኔ ልመልስ። የጠቀስሻቸው አራቱም ዋሻዎች ናሮውቦት በሁለት አቅጣጫ ያስተላልፋሉ፤ የትራፊክ መብራት የለም፣ ቀጠሮም አያስፈልግም። ብሊስዎርዝ 2,813 ሜትር ነው፤ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ብራውንስተን 1,867 ሜትር፣ 25 ደቂቃ። ክሪክ 1,397 ሜትር፣ 20 ደቂቃ። ሐዝባንድስ ቦስዎርዝ 1,066 ሜትር፣ 15 ደቂቃ። በአራቱም ውስጥ የእግረኛ መንገድ የለም፤ ከገባችሁ መውጫው በጀልባ ብቻ ነው።

ዝግጅቱ ውጭ ሆኖ ይለቅ። የፊት መብራቱን ቀን ላይ አብሪና በእጅሽ አቅጣጫውን አስተካክዪ፤ ብርሃኑ ከጀልባው አፍንጫ 10 ወይም 15 ሜትር ቀደም ብሎ ጣሪያው ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ይረፍ። ቀጥ ብሎ ከቆመ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል፤ ወደ ታች ከወደቀ ደግሞ ውሃውን ብቻ ያሳይሻል። ከዚያ የውስጥ አምፖሎችን በሙሉ አብሪ፣ መጋረጃውን ክፈቺ። በመስኮቶቹ የሚወጣው ብርሃን ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ጀልባው በየትኛው በኩል እንደተጠጋ ታያለሽ። የሚያስፈልግሽ ዋና መሣሪያ ይኸው ነው። ለእናትሽም ይጠቅማቸዋል፤ ሳሎኑ እንደ ማታ ቤት ይሆናል እንጂ ጨለማ አይመስልም።

ጣሪያ ላይ ያለ ብስክሌት፣ ጃንጥላ፣ የአበባ ማሰሮ፣ አንቴና ሁሉ ይውረድ ወይም ይተኛ። የጋዝ ምድጃው ይጥፋ፣ ሲጋራና ሻማም እንዲሁ። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ቡና በከሰል ጀልባ ውስጥ በፍጹም አይፈላም፣ ዋሻ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ዳር ታስሮም ቢሆን። ጠባብና ዝቅ ያለ የብረት ክፍል ስለሆነ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይሞላል። ከ2019 ጀምሮ መኝታ ያለው ጀልባ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ስትረከቡ ቁልፉን ተጭናችሁ ሲጮህ ስሙ። ቡናውን በጋዙ አፍሉት፣ ዕጣኑን ዳር ወርዳችሁ አጢሱ።

ልብስ፦ መሪ የያዘው ሰው የዝናብ ልብስና ጠርዝ ያለው ኮፍያ ይልበስ፤ ከአየር ማስገቢያ ጉድጓዶቹ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል፣ ዝናብ ከነበረ ይወርዳል። ጉድጓዱ ከሩቅ እንደ ብርሃን ክብ ውሃው ላይ ይታያል፤ ከእሱ በፊት አንገትን ሰበር ማድረግ ነው። የፀሐይ መነጽር ከአፉ በፊት ይውለቅ። እጅ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይሁን። ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት ያድርግ፤ ልጆቹ ዋሻ ሲገባ የግድ ከውስጥ ይሁኑ፣ ጣሪያ ላይና በጎን መተላለፊያው ላይ ማንም አይኑር። የፊት በሮች ይዘጉ፣ ግን አይቆለፉ።

አሁን መግባቱ። አፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ውስጥ እዩ፤ መብራት ከታየ ርቀቱን ለመገመት አትሞክሩ፣ በጨለማ አንድ ነጥብ ብርሃን 200 ሜትር ይሁን 1,000 ሜትር ዓይን አይለይም። ክላክሱን አንዴ ረዘም አድርጋችሁ ንፉ። ቀድሟችሁ የገባ ጀልባ ካለ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ናፍጣው ከጨሰ ደግሞ አሥር ደቂቃ ታገሡ። ብሊስዎርዝ ውስጥ በ1861 ሁለት ሰዎች በእንፋሎት ጀልባ ጭስ ታፍነው ሞተዋል፤ ተጨማሪ የአየር ጉድጓዶች የተቆፈሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ነፋስ በሌለበት ቀን ጭሱ ቶሎ አይወጣም።

ከገባችሁ በኋላ ግድግዳ የሚያስመታው አንድ ነገር ነው፦ መሪውን አብዝቶ ማዞር። ናሮውቦት የሚዞረው በወገቡ ላይ ነው። የመሪውን ዘንግ ወደ ግራ ስትገፊ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ያውም ወዲያው አይደለም፤ በ60 ጫማ ጀልባ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ጀማሪ ምላሽ ሲያጣ ይጨምራል፤ አፍንጫው ሲመጣ ከልክ በላይ ይመጣል፤ ይመልሰዋል፣ በሌላው በኩል ይመታል። መድኃኒቱ በአራት ጣት ስፋት ያህል ብቻ መግፋት፣ ዘንጉን ወደ መሀል መመለስ፣ መጠበቅ ነው። ዓይንሽ አፍንጫው በስተቀኝ ከግድግዳው ጋር ያለውን ክፍተት ይከተል። የመውጫውን ብርሃን አትከተዪ፤ ቅርብ ይመስላል፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሊቀረው ይችላል። ትኩር ብለሽ ያየሽው ነገር መሪውን ወደ ራሱ ይስበዋል።

ጀልባ ከፊት ሲመጣ፦ መተላለፊያው በቀኝ ነው፣ ግራ ለግራ። መብራቱ እያደገ መሄዱ ከታወቀሽ ገና በሩቁ ነዳጅ ቀንሺ፣ የቀኙን ግድግዳ ተጠጊ፣ አፍንጫዎቹ ሲገናኙ ሞተሩ በዝቅተኛው ዙር ይሁን። ማርሹን ግን ፎሌ አታድርጊው! መሪው የሚሠራው ፕሮፔለሩ በሚገፋበት ውሃ ነው፤ ፎሌ ላይ ከሆነ ዘንጉን ብታዞሪ ምንም አይመልስም፣ ጀልባው ወደ ወደደው ይሄዳል። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ በመሀላቸው ያለው ውሃ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ይሳሳባሉ፤ ቢነካኩም ይተሻሻሉ እንጂ አይጎዱም፣ የጎን ብረታቸው የተሠራው ለዚያ ነው። በእጅ ወይም በእግር ለመግፋት የሚሞክር ሰው ግን በ15 ቶን ብረትና በጡብ ግድግዳ መሀል ይጨፈለቃል። እጅ ከጀልባው ጠርዝ አይወጣም።

የብራውንስተን ዋሻ በ1796 ሲከፈት ከሁለት በኩል የተቆፈረው ልክ አልገጠመም፤ መሀል ላይ እባብ የመሰለ መታጠፊያ አለው። ስለዚህ ግድግዳው ድንገት የተጠጋ ከመሰለሽ ስህተቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል፤ ፍጥነት ቀንሺና ቅርጹን ተከተዪ። ብሊስዎርዝ በተቃራኒው በመሀሉ ሰፊ ክፍል በ1980ዎቹ በኮንክሪት ቀለበት ተሠርቷል፤ እዚያ ግድግዳው ልስልስና ደረቅ ነው። ከቀለበቶቹ አንዱ በስቶክ ብሩርን በኩል ከዋሻው ደጅ ቆሟል፤ ልጆቹ ሊገቡበት ይችላሉ።

ጉዞ_ወዳድ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ አላገኘሁትም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ በዋሻው አናት በእግር ተሻግራ በሌላው በኩል እንቀበላት ብንል ይቻላል? ሞተሩ ቢጠፋስ?

ናፍጣ_ቤት

ሞተሩን ልመልስልሽ። ዋሻ ውስጥ የሚጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከመግባቱ በፊት ምልክት ሰጥቷል። ጠዋት ሳታስነሱ የሞተር ዘይቱን በዘንጉ ለኩ፤ ማታ ስታቆሙ የፕሮፔለሩን ዘንግ ግሪስ እስኪጠብቅ ድረስ አንድ ሁለት ዙር አጥብቁት፤ ካላጠበቃችሁት ውሃ ወደ ሞተር ክፍሉ ያንጠባጥባል። በጉዞ ላይ ጭሱ ጥቁር ከሆነ፣ ነዳጅ ብትሰጡትም ጀልባው ከከበደና ከኋላ የሚወጣው ውሃ አረፋው ከበዛ፣ ፕሮፔለሩ ላይ ፌስታል ወይም ገመድ ተጠምጥሟል። መጀመሪያ ወደ ኋላ ማርሽ አጭር ምት ስጡት፤ ቅጠል ብቻ ከሆነ ይለቃል። ካልለቀቀ ዳር እሰሩ። በዚህ ሁኔታ ዋሻ አይገባም።

ማጽዳቱ እንዲህ ነው፦ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅሎ እጁን የሚያስገባው ሰው ራሱ ኪሱ ይክተተው። ከኋላ ወለሉ ሥር ያለውን ክዳን ፈትቶ በእጅ መፈተሽ ነው፤ የዳቦ ቢላ ገመድ ለመቁረጥ ከምንም ይሻላል። ሽቦ ስለሚኖር ወፍራም ጓንት አድርጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ነገር ክዳኑ ነው። ጎማው በቦታው ሳይቀመጥ ወይም መቆለፊያው ሳይጠብቅ ሞተሩ ከተነሳ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሞተር ክፍሉን ይሞላል፤ ጀልባ የሚሰጥመው እንዲህ ነው። አስነሥታችሁ ማርሽ አስገቡና በክዳኑ ዙሪያ እርጥበት መኖሩን በባትሪ እዩ፤ ደረቅ ከሆነ ሂዱ።

ዋሻ ውስጥ ከጠፋ፦ ቶሎ ቶሎ ለማስነሳት አትታገሉ፣ ባትሪውን ታደክማላችሁ። የፊት መብራቱ ይብራ፤ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚከተለውን ጀልባ በእጅ ባትሪ ያስጠንቅቅ፤ ክላክስ ንፉ። ጣሪያ ላይ ያለውን ረጅም ዘንግ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ፊተኛው መድረክ አውርዱት፤ ብትቆሙ ከዚያ ሆኖ ግድግዳውን ቀስ እያሉ መግፋት ይቻላል። ስልክ ውስጥ ላይሠራ ይችላል፣ የአከራዩ ቁጥር ግን ወረቀት ላይ ተጽፎ ይያዝ። ከኋላ የሚመጣው ጀልባ ቀስ ብሎ ገፍቶ ያወጣችኋል። ማንም ሰው ውሃ ውስጥ አይወርድም፣ ለምንም ምክንያት።

መሪ_ያዥ

ስለ እናትሽ፦ ድሮ ጀልባውን የሚጎትቱት ፈረሶች በዋሻው ውስጥ መንገድ ስላልነበራቸው በኮረብታው አናት ይሄዱ ነበር፤ ያ መንገድ ዛሬም የእግረኛ መንገድ ነው። ግን በብራውንስተን ወደ 2 ኪሎ ሜትር፣ በብሊስዎርዝ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገትም ጭቃም አለው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው አልመክርም። ከብሊስዎርዝ መንደር እስከ ስቶክ ብሩርን በታክሲ አጭር መንገድ ነው፤ ወንድምሽ አብሯቸው ይሂድ። ይህ ግን ጀልባው ላይ መሪ የሚይዝና የሚረዳ ሁለት ሰው ሲቀር ብቻ ነው።

ካናል_ኦክስፎርድ

ከሦስቱ ያልቆጠራችሁት አራተኛ መንገድ አለ፤ ለዚህ ቤተሰብ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ከብራውንስተን በኦክስፎርድ ካናል ወደ ሰሜን፣ በራግቢ በኩል እስከ ሆክስበሪ መገንጠያ። 22 ወይም 23 ማይል ነው፤ ሎኩ ግን ሂልሞርተን ላይ ሦስት፣ ሆክስበሪ ላይ አንድ ትንሽ፣ አራት ብቻ። በሎክ_ቆጣሪ ሂሳብ መሄጃው 9 ሰዓት፣ ደርሶ መልሱ 18 ነው። የሂልሞርተን ሎኮች ጎን ለጎን ጥንድ ስለሆኑ አንዱ ሲያዝ በሌላው ትገባላችሁ፤ ወረፋ ያጥራል።

እዚህ መንገድ ላይ ኒውቦልድ የሚባል ዋሻ አለ፣ 229 ሜትር ብቻ። ከመግቢያው መውጫው ይታያል፣ ውስጡ የእግረኛ መንገድ አለው፣ በሦስት አራት ደቂቃ ያልቃል። ለእናትሽ መሞከሪያ የሚሆነው ይህ ነው። ይህ ካናል በ1830ዎቹ ሲቀና ኩርባዎቹ ተቆርጠው ወደ 14 ማይል ያህል አጥሯል፤ የድሮው ዋሻ አፍ ኒውቦልድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አሁንም አለ። ባይወዱትም መመለሻው ላይ በውስጡ ባለው መንገድ ወይም በመንደሩ በኩል መሻገር ቀላል ነው። ጉድለቱን ልንገርሽ፤ በአንዳንድ ቦታ ባቡሩና አውራ ጎዳናው ቅርብ ስለሆነ ድምፅ አለ፤ ለማደሪያ ከእነሱ ራቅ ያለ ቦታ ምረጡ።

ሆክስበሪ ላይ ከኦክስፎርድ ወደ ኮቨንትሪ ካናል መታጠፊያው ወደ ኋላ የመመለስ ያህል ስለታም ነው። ፍጥነት ሳትይዙ፣ አፍንጫውን ወደ ማዶው ዳር አስጠግታችሁ፣ መሪውን ሙሉ ለሙሉ አዙራችሁ አጫጭር የነዳጅ ምት ስጡ። ጊዜ ከተረፈ ከዚያ እስከ ኮቨንትሪ ወደብ 5 ማይል ተኩል ነው፣ ሎክ የለውም።

ሎክ_ቆጣሪ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፌኒ ኮምፕተንን ግን ቶሎ አንተወው። ናፕተን ላይ ያሉት ዘጠኝ ሎኮች ጠባብ ስለሆኑ በአንድ ሰው ይከፈታሉ፤ ከእነሱ በላይ ያለው 11 ማይል አንድም ሎክ የለውም፣ ድምፅም የለውም። ለጸጥታ ከሆነ እሱን የሚያህል በአካባቢው የለም። ለሦስት ሠራተኛ ዘጠኝ ሎክ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ የተባለው ለእነዚህ ዋሻዎች ነው፤ ሌላ ቦታ ሌላ ሕግ አለ። ለንደን ውስጥ ኢዝሊንግተን፣ 878 ሜትር፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ ከውስጥ መብራት ከታየ ውጭ መጠበቅ ነው። በሰሜን ፕሬስተን ብሩክ በሰዓት የተከፈለ ነው፦ ወደ ሰሜን የሚሄድ ከሞላው ሰዓት እስከ 10 ደቂቃ፣ ወደ ደቡብ የሚሄድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይገባል። ሄርካስል፣ 2,676 ሜትር፣ ጠባቂዎች በየተራ ያስገባሉ፤ በደቡቡ አፍ ያለው በር ተዘግቶ አየሩ በማራገቢያ ይሳባል። ስታንዴጅ ደግሞ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አስቀድሞ ቀጠሮ ሳይያዝ አይገባም። በርሚንግሃም ላላችሁ፣ ኔዘርተን ሰፊና በሁለቱም ጎን የእግረኛ መንገድ ያለው ስለሆነ ለመጀመሪያ ረጅም ዋሻ ጥሩ ነው።

ጉዞ_ወዳድ

ተመካከርንና እንዲህ ወሰንን፦ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ሆክስበሪ ደርሰን እንመለሳለን፣ ኮቨንትሪን እንተወዋለን። ኒውቦልድ ላይ እናቴን እናያታለን። ደህና ከሆነች ሐሙስ ጠዋት የብራውንስተንን ስድስት ሎክ ወጥተን በዋሻው ኖርተን መገንጠያ ድረስ ሄደን፣ ዓርብ እንመለሳለን። ካልወደደችው ሁለቱን ቀን ወደ ናፕተን በኩል እስከ ሎኮቹ ሥር እንሄዳለን። ሂሳቡ ይገጥማል?

ሎክ_ቆጣሪ

ይገጥማል። ብራውንስተን ኖርተን ደርሶ መልስ ስምንት ማይል ተኩልና 12 ሎክ ነው፤ 7 ሰዓት፣ ለሁለት ቀን ቀላል ነው። ከ18ቱ ጋር 25 ሰዓት ሆነ። ኖርተን ላይ 60 ጫማ የሚዞርበትን ትክክለኛ ቦታ አከራዩን ካርታው ላይ አሳዩን በሉት። ዓርብ ስትመለሱ ሎኮቹን ከ8 ሰዓት በፊት ጀምሩ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚመልሱ ሌሎች ጀልባዎችም በዚያው ምሽት ስለሚወርዱ ወረፋው ይረዝማል። ስትወርዱ ጀልባውን ከኋላው በር ሥር ካለው የድንጋይ ደረጃ አርቃችሁ ወደ ፊት ያዙት፤ የደረጃው ጫፍ ከላይ በግድግዳው ላይ በነጭ መስመር ምልክት ተደርጎበታል። ውሃው ሲጎድል የኋላው ክፍል ደረጃው ላይ ከቀረ ጀልባው በአፍንጫው ይደፋል። አንድ ሰው ዓይኑን ከመስመሩ አያንሳ፤ ቢጠጋ ወዲያው ፓድሉን ይዝጋ።

ቅዳሜ ስትረከቡ ደግሞ ጀልባው ፊቱን ወደ ብራውንስተን ተርን (ወደ መገንጠያው) አዙሮ ታስሮ እንዲጠብቃችሁ ከአሁኑ ደውላችሁ ንገሯቸው። ሁለቱ የብረት ድልድዮች ባሉበት መገንጠያ ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የራግቢ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሎክ እስከ ሂልሞርተን የለም፤ እስከዚያ መሪውን ሦስታችሁም በየተራ ያዙት።